ከኦካቫንጎ ካምፕ ወደ ሳቢ ሳንድ ሎጅ በአንድ ቀን ይደረሳል ወይስ ጆበርግ ማደር ይሻላል?

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽ ረጅም ስለነበር ሌላ ሰው ቢያነበው እንዲገባው ባጭሩ ልድገመው። ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ሄደሽ እናትና አባትሽን ይዘሽ ትወጫለሽ፣ መጀመሪያ ቦትስዋና ኦካቫንጎ ዴልታ ውስጥ 3 ሌሊት፣ ቀጥሎ ደቡብ አፍሪካ ሳቢ ሳንድ (የዱር እንስሳት ጥብቅ ቦታ ነው) 3 ሌሊት። ወኪሉ በላከልሽ ፕሮግራም ላይ በሁለቱ መሀል ያለው ቀን "ወደ ሳቢ ሳንድ ትራንስፈር" ትላለች በቃ፣ አንድ መስመር። አንቺ የአሜሪካ ፓስፖርት ነው ያለሽ፣ እነሱ የኢትዮጵያ፣ እናትሽ ጉልበታቸውን ያማቸዋል ደሞ ፍልሰታን ይጾማሉ። ይሄ መንገድ በአንድ ቀን ያልቃል ወይ ነው ጥያቄሽ። የደቡብ አፍሪካ አካባቢ ሳፋሪ ማቀናበር ስራዬ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልስልሻለሁ፣ ሻይሽን ይዘሽ አንብቢው።

መልሱን ላስቀድም፦ ጆበርግ እደሩ። "ይሄን ሁሉ ብር ከፍለን አንድ ሌሊት ኤርፖርት ሆቴል ልናጠፋ ነው እንዴ" እንደምትዪ አውቃለሁ፣ ደንበኛ ሁሉ መጀመሪያ ሚለው እሱን ነው። ግን ሂሳቡን በሌላ በኩል እዪው። ሳቢ ሳንድ ላይ ምትከፍዪው የአልጋ ብቻ አይደለም፣ ምግቡም የጠዋትና የማታው ጌም ድራይቭም (በመኪና እየዞሩ እንስሳ ማየቱ) አብሮ ተቆጥሮ ነው፣ የማታው ድራይቭ ደሞ 10 ሰዓት አካባቢ ነው ሚወጣው። እናንተ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተንገላታችሁ ብትደርሱ በሙሉ ዋጋ የተከፈለበት ቀን ላይ ያገኛችሁት አልጋና የቀዘቀዘ ሾርባ ነው። በዛ ሌሊት ዋጋ ጆበርግ ስንት ክፍል ይያዛል። (ሰዓት ምጽፈው ሁሉ በኛ አቆጣጠር ነው፣ ትኬቱ ላይ 16፡00 ምናምን ሚለውን አንቺ ቀይሪው። የቦትስዋናና የደቡብ አፍሪካ ሰዓት ደሞ ከአዲስ አበባ በ1 ሰዓት ወደኋላ ነው፣ አባትሽ የእጅ ሰዓታቸውን ካላስተካከሉ ቀኑን ሙሉ "አረፈድን" ሲሉ ነው ሚውሉት።)

አሁን ያቺን አንድ መስመር እንፍታት። ከካምፑ ወደ ማኮብኮቢያው በላንድ ክሩዘር፣ አንዳንዱ ካምፕ ደሞ በጀልባ፤ ነሐሴ ላይ ዝናብ ጠብ ባይልም አንጎላ ደጋ ላይ ከወራት በፊት የዘነበው ውሃ ቀስ ብሎ ወርዶ ዴልታውን ሚሞላው በነዚሁ በደረቆቹ ወራት ስለሆነ መንገድ የነበረው ቦታ ወንዝ ሆኖ ልታገኚው ትችያለሽ። ከዛ በትንሽ አውሮፕላን ማውን ከተማ። ማውን ላይ ቼክ ኢን፣ ፍተሻ፣ የቦትስዋና መውጫ ማህተም። ከማውን ጆበርግ ኤርሊንክ በሚባለው አየር መንገድ 2 ሰዓት ቢጎድል ነው። ጆበርግ ኦሊቨር ታምቦ ላይ ኢሚግሬሽን፣ ሻንጣ መረከብ፣ ጉምሩክ። ከዛ ሌላ አውሮፕላን ወይ ወደ ስኩኩዛ (ክሩገር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው ኤርፖርት) ወይ ቀጥታ ወደ ሎጁ ሜዳ፣ መጨረሻ ላይ እንደገና መኪና። 3 አውሮፕላን፣ 2 ሀገር። ካርታ ላይ ስታዪው ሩቅ አይመስልም፣ እውነትም በአየር ላይ ምትቆዪው ጠቅላላ ሰዓት ያን ያህል አይደለም፣ ቀኑን ሚበላው በየመሀሉ ያለው ነው።

እና ዋናው ነገር ይሄ ሰንሰለት በጠዋት መጀመሩ ብቻ ሳይሆን ፀሐይ ሳትጠልቅ ማለቅ አለበት። ሎጆቹ ጋ ያሉት ማኮብኮቢያዎች መብራት የላቸውም፣ አንድ ሜዳ፣ አንድ የንፋስ ማሳያ ጨርቅና አንድ የሳር ዳስ ነው በቃ። ፓይለቱ ሚያርፈው አይቶ ነው። ከማረፉ በፊት ጋይዱ በመኪና ሜዳውን ከዳር ዳር ነድቶ ኢምፓላውንም ዝሆኑንም ማባረር አለበት፣ ይሄ ቀልድ አይደለም የዘወትር ስራቸው ነው። ነሐሴ እዛ ቀኑ ሚያጥርበት የብርድ ወቅት ስለሆነ ሳቢ ሳንድ ላይ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ፀሐይ ትጠልቃለች። ከማውን ወደ ጆበርግ ያለው በረራ ደሞ በብዛት ከቀትር በኋላ ነው። ጆበርግ ላይ ለኢሚግሬሽንና ለሻንጣ ቢያንስ 2 ሰዓት ስትቆርጪለት ቀሪውን ራስሽ አስዪው፣ አይሆንም። "ይቻላል" ሚል ወኪል ካለ በብዛት ያሰበው ከጆበርግ በመኪና ነው፣ እሱን ኋላ እመጣበታለሁ።

ስለ ትንሿ አውሮፕላን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም የቀኑ ደካማ ቀለበት እሷ ናት። በብዛት ሴስና ካራቫን ትሆናለች፣ አንድ ሞተር፣ አንድ ፓይለት፣ ሰው ቢበዛ 12። እንደ አየር መንገድ ቋሚ ሰዓት የላትም። የነገው መነሻ ሚታወቀው ዛሬ ማታ ነው፣ ካምፑ በሬዲዮ ወይ በኢሜይል ይነገረውና እራት ላይ ይነግሯችኋል። ለምን ብትዪ፣ በዛን ቀን ከየካምፑ ሚነሳውን ሰው ሁሉ ሰብስበው ነው መስመር ሚሰሩት፣ ስለዚህ ማውን ከመድረሳችሁ በፊት ሁለት ሶስት ካምፕ ላይ አርፋ ሰው ልታነሳ ትችላለች፣ ወረደች ወጣች ወረደች ወጣች። ሆድ ለሚገለበጥበት ሰው ከባድ ነው፤ የጠዋቱ በረራ ለስላሳ ነው፣ ቀትር ላይ ግን መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ይንጣል። ወኪሉ ጠዋት እንዲያደርገው ጠይቂ፣ ቃል አይገባልሽም ግን ማስታወሻ ይጽፍበታል። ሌላው፣ ሽንት ቤት የላትም። ካምፕ ላይ ጠዋት በቡና ያጥለቀልቋችኋል፣ ለአባትሽ ቀደም ብለሽ ንገሪያቸው።

ሻንጣ ላይ ቀልድ የለም። አብዛኛው ኦፕሬተር ለአንድ ሰው ሚፈቅደው 20 ኪሎ ነው፣ የእጅ ቦርሳና ካሜራውን ጨምሮ፣ እሱም በለስላሳ የጨርቅ ቦርሳ፣ ጎማና ጠንካራ ፍሬም የሌለው፣ መጠኑ 25 በ30 በ62 ሳንቲሜትር አካባቢ። ሻንጣ ሚገባው ከአውሮፕላኗ ሆድ ስር ያለ ሳጥን ውስጥ ነው፣ በሯ ጠባብ ስለሆነች ለስላሳ ቦርሳ ተጨፍልቆ ይገባል፣ ያቺ ካሜሪካ ይዘሻት ምትመጪው ትልቅ ሻንጣ ግን ባዶ እንኳን ብትሆን አትገባም። ክብደቱም ዝም ብሎ ቢሮክራሲ አይደለም፣ ከአጭር የአሸዋ ሜዳ በሙቀት ሚነሳ አውሮፕላን እያንዳንዱ ኪሎ ይቆጠርበታል፣ ለዛ ነው የሰውነት ክብደትም አስቀድመው ሚጠይቁት፣ ከ100 ኪሎ በላይ የሆነ ሰው ተጨማሪ መቀመጫ ሊያስከፍሉት ይችላሉ። እውነቱን ጻፉ። ትልልቁን ሻንጣ አዲስ አበባ ቤት ትታችሁት ውጡ። ልብስ አይጨንቃችሁ፣ ካምፖቹ በየቀኑ ያጥባሉ፣ የውስጥ ልብስ ግን ብዙዎቹ ቦትስዋና ካምፖች አያጥቡም፣ ሳሙና ክፍል ውስጥ ያስቀምጡላችኋል። ወፍራም ጃኬቱን ለብሳችሁት ውጡ፣ ነሐሴ ጠዋት ክፍት መኪና ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ አፍሪካ ነው ሙቀት ነው ብሎ በቲሸርት የመጣ ሰው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው አንበሳ ሚያየው።

እናትሽ። መውጣት መውረድ ነው ፈተናው፣ እርምጃው አይደለም። ካራቫኗ ኋላ በኩል ባለችው በር አጠር ያለ መሰላል አላት፣ ከበሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ይስጧቸው፤ ከፓይለቱ ጎን ያለውን ወንበር "እይታው ያምራል" ብለው ቢያቀርቡላቸው እምቢ ይበሉ፣ እዛ ለመውጣት መንጠላጠል ያስፈልጋል። የሳፋሪ መኪናውም ከፍ ያለ ስለሆነ ካምፑም ሎጁም መርገጫ በርጩማ እንዲያዘጋጁ በጽሁፍ ይነገራቸው፣ ብዙዎቹ አላቸው ካልጠየቅሽ ግን አያወጡትም። ማውን ላይ እስከ አውሮፕላኑ በእግር ተሄዶ በደረጃ ነው ሚወጣው፣ ስለዚህ ዊልቼሩን ቲኬቱ ላይ አስመዝግቢ፣ ደረጃ መውጣት እንደማይችሉ ለይተሽ ጻፊ፣ ዊልቼር ብቻ ካልሽ እስከ ደረጃው ገፍተው ያቆሟቸዋል። ጆበርግ ላይ ደሞ ዊልቼሩ የኢሚግሬሽኑን ሰልፍም ያቀልላችኋል፣ ይሄንን የኛ እናቶች ከማንም በላይ ያውቁታል።

ጾሙን በተመለከተ ካምፖቹ ችግር የለባቸውም፣ "ቪጋን" በሚለው ቃል ይመዝገቡ፣ ከዛ ስር ደሞ ወተት ቅቤ እንቁላል ዓሳ የለም ብለሽ ዘርዝሪ፣ ምክንያቱም ዓሳ ይበላል ብሎ ሚያስብ ሼፍ አይጠፋም። ቢያንስ ከወር በፊት ይወቁት፣ ምግቡም በዛችው በትንሿ አውሮፕላን ነው ሚመጣላቸው፣ ማታ ነግረሻቸው ጠዋት ሽሮ አይወለድም። ለጉዞው ቀን የታሸገ የጾም ምግብ እንዲይዙላቸው አድርጊ፣ ማውን ኤርፖርት ላይ ብዙ ምርጫ የለም። እስከ 9 ሰዓት ሚጾሙ ከሆነ እዛ ቀን ላይ እንዴት እንደሚያደርጉት ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ፣ የኔ ጉዳይ አይደለም። የኔ ጉዳይ የወባ መድሃኒቱ ነው፦ ዴልታው የወባ ሀገር ነው፣ ሐኪም ማላሮን ካዘዘላችሁ ከምግብ ጋር ነው ሚወሰደው፣ ስለዚህ ለእሳቸው ከእራት ጋር ይሁን፣ በየቀኑ በዛው ሰዓት፣ ከወባው አካባቢ ከወጣችሁ በኋላም ለ7 ቀን ይቀጥላል። ባዶ ሆድ ላይ ወስደው ትንሿ አውሮፕላን ላይ ቢወጡ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትሽም።

ከዚህ ሁሉ ግን ጉዞውን ሊያቆመው ሚችለው ቪዛ ነው፣ እዚህ ላይ ቀስ ብለሽ አንብቢ። አንቺ በአሜሪካ ፓስፖርት ለሁለቱም ሀገር ለጉብኝት ቪዛ አያስፈልግሽም። ወላጆችሽ ግን ለደቡብ አፍሪካ ቪዛ ያስፈልጋቸዋል፣ ጥያቄው ደሞ አለ ወይስ የለም ብቻ አይደለም፣ ስንት ጊዜ ያስገባል ነው። ስትሄዱ ከአዲስ አበባ በጆበርግ አድርጋችሁ ነው ማውን ምትገቡት። ሁለቱ በረራ በአንድ ትኬት ከሆነና ሻንጣው እስከ ማውን ከተለጠፈ ትራንዚት ውስጥ ቆይታችሁ ታልፋላችሁ። በተለያየ ትኬት ከሆነና ሻንጣ ወጥታችሁ መረከብ ካለባችሁ ግን ወይም ጆበርግ ካደራችሁ ያ አንድ መግቢያ ሆነ ማለት ነው፣ ከቦትስዋና ስትመለሱ ደሞ ሁለተኛ። አንድ ጊዜ ብቻ ሚያስገባ ቪዛ ይዘው ሲሄዱ ካቃጠሉት ሲመለሱ ማውን ላይ አውሮፕላን አያሳፍሯቸውም፣ ሳቢ ሳንድም ቀረ። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ ሚያስገባ ብለው ይጠይቁ፣ የሁለቱንም መግቢያ በረራ ያያይዙ። የቦትስዋናውን ደሞ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለውን ወቅታዊ ህግ ከኤምባሲው በጽሁፍ ጠይቁ፣ የወኪል ቃል አይበቃም። ፓስፖርቱ 6 ወር ይኑረው፣ ባዶ ገጾችም ይኑሩት፣ ሁለት ሀገር መግቢያ መውጫ ማህተም ብዙ ቦታ ይበላል።

የቢጫ ወባ ካርድ ደሞ ለሶስታችሁም፣ ላንቺም ጭምር። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው ሀገራት ዝርዝር ውስጥ ስላለች ከአዲስ አበባ የተነሳ ሰው ደቡብ አፍሪካም ቦትስዋናም ካርዱን ሊጠይቁት ይችላሉ፣ ፓስፖርትሽ የየትም ሀገር ቢሆን። ክትባቱ ከተወሰደ 10 ቀን በኋላ ነው ሚሰራው፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደሞ ለእድሜ ልክ ነው፣ አሮጌ ካርድ ካላቸው ይፈልጉት። ኦሪጅናሉን በእጅ ቦርሳ፣ የስልክ ፎቶ አይሆንም። እዛው ላይ ስለ ስንቅ ልጨምር፦ ቋንጣና ቅቤ ይዛችሁ አትምጡ። ቦትስዋና የከብት በሽታ ላይ በጣም ጥብቅ ናት፣ አውሮፓ ድረስ ስጋ ምትሸጥ ሀገር ናት፣ በየመንገዱ ኬላ ላይ ሰው ወርዶ ጫማውን መድሃኒት ያለበት ምንጣፍ ላይ እንዲረግጥ ያደርጋሉ፣ ስጋና የወተት ተዋጽኦ ካገኙ ይወስዱታል። በርበሬና ቆሎ ይበቃል፣ ያውም በፋብሪካ ታሽጎ ቢሆን ይመረጣል።

እሺ ጆበርግ አደራችሁ እንበል። ኤርፖርቱ ግቢ ውስጥ ያለ ሆቴል ያዙ፣ ኢንተርኮንቲኔንታል ከተርሚናሉ ፊት ለፊት ነው፣ ሲቲ ሎጅም እዛው ግቢው ውስጥ አለ፣ ለእናትሽ ጉልበት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዘመድ ካላችሁ (ጆበርግ ዘመድ የሌለው አበሻ አለ እንዴ) እነሱ ወደናንተ መጥተው እራት ብሉ እንጂ እናንተ ጄፒ (መሀል ከተማ ያለው የአበሻ ሰፈር) ድረስ ሄዳችሁ አትደሩ፣ ጠዋት በትራፊክ ተይዞ በረራ ማምለጥ ቀላል ነው። ምግቡ ግን ከጄፒ ይምጣ፣ እናትሽም በስንት ቀናቸው ሽሮ በእንጀራ ይበላሉ።

በማግስቱ ሁለት ምርጫ አለ። ኤርሊንክ ወደ ስኩኩዛ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፣ ትልቅ አውሮፕላን ነው፣ ከዛ ሎጁ በመኪና መጥቶ ይወስዳችኋል፣ እንደ ሎጁ ቦታ አንድ ሰዓትም ከዛ በላይም ሊፈጅ ይችላል። ሌላው ፌድኤር ነው፣ ኤርፖርቱ አካባቢ የራሱ ተርሚናል አለው፣ ቀጥታ ሎጁ ሜዳ ላይ ያወርዳችኋል፣ ግን እንደገና ትንሽ አውሮፕላንና መሰላል ነው፣ የሻንጣ ገደቡም እንደ ዴልታው ነው። አብዛኛው ሰው ፌድኤርን ይመርጣል፣ ለናንተ ግን እኔ ስኩኩዛን ነው ምመርጠው፣ የትኛው እንደሚሻል ሳይሆን እናትሽን አንድ መሰላል ስለምታተርፊላቸው ነው። መኪናውም ባዶ ጊዜ አይሆንም፣ በሳቢ ሳንድና በክሩገር መሀል አጥር ስለሌለ ከኤርፖርቱ እንደወጣችሁ ቀጭኔም ዝሆንም መንገድ ላይ ልታገኙ ትችላላችሁ።

በመኪና ከጆበርግ? 5 ሰዓት ተኩል፣ 6 ሰዓት ነው፣ በኤን 4 መንገድ እስከ ምቦምቤላ ጥሩ አስፋልት ነው፣ ከዛ በሄዚቪው በኩል መንገዱ ይጠባል፣ ሰውና ከብት ይበዛዋል። ጠዋት ከተነሳችሁ አሪፍ ጉዞ ነው። ከማውን ከሰዓት መጥታችሁ በዛው ቀን ልሂድ ካልሽ ግን የመጨረሻውን ክፍል በጨለማ ነው ምትነዱት፣ የፓርኩም የጥብቅ ቦታውም በሮች ሚዘጉበት ሰዓት አላቸው፣ ክሩገር ነሐሴ ላይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይዘጋል። የአጎት ልጅ "እኔ አደርሳችኋለሁ" ቢልም በማታ አይሆንም፣ ይቅርታ።

ጆበርግ ማደሩን በጭራሽ አልፈልግም ካልሽ ሳቢ ሳንድን ቀይሪው እንጂ ቀኑን አትጭመቂው። ከዴልታው በዛችው ትንሽ አውሮፕላን ወደ ካሳኔ (እዛው ቦትስዋና ሰሜን ያለች ከተማ)፣ ቾቤ ወንዝ ዳር 2 ሌሊት፣ ከዛ በመኪና 80 ኪሎሜትር ገደማ ወደ ቪክቶሪያ ፎልስ። ይሄ በርግጥም በአንድ ቀን ተዝናንቶ ሚያልቅ መንገድ ነው፣ ድንበሩ ላይ የቦትስዋናው ሹፌር ለዚምባብዌው ያስረክባችኋል፣ መኪና ትቀይራላችሁ በቃ። ሰው ሚሳሳትበት አንድ ነገር፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የተከፈተው 923 ሜትሩ የካዙንጉላ ድልድይ ወደ ዛምቢያ ነው ሚወስደው፣ ወደ ዚምባብዌ ስትሄዱ አትነኩትም፣ ስለዚህ ሆቴላችሁ በዚምባብዌ በኩል ይሁን በዛምቢያ በኩል ወኪሉን ጠይቂ። ጥቅሙ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቪክቶሪያ ፎልስ ድረስ ስለሚበር ጆበርግን ሳትነኩ ወደ ቤት መመለስ ትችላላችሁ። ለወላጆችሽ የዚምባብዌ ቪዛ ጉዳይ ይጨመራል፣ የደቡብ አፍሪካው ሁለተኛ መግቢያ ደሞ ይቀራል። ነብርን በቅርብ ለማየት ግን ሳቢ ሳንድን ሚያክል የለም፣ አባትሽ ነብር ብለው ከተነሱ ጆበርግ ማደሩ ያዋጣል።

ለወኪሉ ምትጽፊለት ይሄን ነው፦ የእያንዳንዱ በረራ ስምና ሰዓት፣ ማውንና ጆበርግ ላይ በመሀል ያለው ክፍተት፣ የትኞቹ በረራዎች በአንድ ትኬት እንደሆኑ፣ ትንሿ አውሮፕላን ዘግይታ ማውን ላይ ቢያመልጣችሁ ወጪውን ማን እንደሚችል። እነዚህን በጽሁፍ ካልመለሰ ቀብድ አትክፈዪ። መልሱ ሲመጣ እዚሁ አስቀምጪልኝ አየዋለሁ፣ የደቡብ አፍሪካውን ቪዛ ግን መልሱን ሳትጠብቂ ዛሬ ወረቀቱን ማሰባሰብ ይጀምሩ።